የዝናብ ደን ደቂቅ ጊንጦች፦ እንዴት ይለያሉ? እንዴትስ ይመደባሉ?

መግቢያ

ጊንጥ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚታየው በደረቅ ቆላ፣ በድንጋይ ሥር ወይም በአሮጌ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቆልምሞ የሚናደፍ እንስሳ ነው። ይህ ሥዕል ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ጊንጦች ከበረሃ አሸዋ እስከ ተራራ፣ ከዋሻ እስከ ዝናብ ደን ተሰራጭተው ይኖራሉ። እስከ ዛሬ ሳይንሳዊ ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ2,500 በላይ ናቸው። በመጠንም እጅግ ይራራቃሉ። በምዕራብ አፍሪካ ደኖች የሚኖረው ፓንዲኑስ ኢምፔራቶር የተባለው ጥቁር ጊንጥ ርዝመቱ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ በደቡብ ሜክሲኮ ደን በረገፈ ቅጠል ውስጥ የተገኘው ቲፍሎካክታስ ሚቼሊ ግን ከነጅራቱ 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት እነዚህ ደቂቅ ጊንጦች ናቸው። በተለይም በሞቃታማው ክልል ዝናብ ደኖች ውስጥ፣ በቅጠል ንጣፍና በብስባሽ አፈር መካከል የሚኖሩትን እንመለከታለን። እነዚህን እንስሳት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አግኝቶ መለየት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ከየትኛው ወገንና ከየትኛው አስተኔ እንደሚመደቡ መወሰን ነው። ምክንያቱም አካል ሲያንስ ብዙ ብልቶች አብረው ይቀንሳሉ ወይም ይጠፋሉ፤ በዚህም የተነሣ ፈጽሞ የማይዛመዱ ዝርያዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ ተማሪው ገና ከመነሻው ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር፣ በትንሽነት መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አለመሆኑን ነው። ይህ እንዴት እንደሚታወቅ ቀጥለን ደረጃ በደረጃ እናያለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጊንጥ አካል በአጭሩ

ጊንጦች ከሸረሪቶችና ከመዥገሮች ጋር በአንድ መደብ ውስጥ የሚገኙ፣ የራሳቸው ክፍለመደብ ያላቸው እንስሳት ናቸው። አካላቸው በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው በአንድ ጋሻ የተሸፈነው የፊት ክፍል ሲሆን፣ ዓይኖች፣ አራት ጥንድ እግሮች፣ ሁለት ትንንሽ የአፍ መቁረጫዎችና ሁለት ትልልቅ ክንዶች ይገኙበታል። እያንዳንዱ ክንድ በመቆንጠጫ ያልቃል። ሁለተኛው ሰፊው የሆድ ክፍል ሲሆን ሰባት አንጓዎች አሉት። ሦስተኛው በልማድ ጅራት የምንለው ነው። ይህ አምስት አንጓዎች ሲኖሩት፣ ጫፉ ላይ የመርዝ ከረጢትና መንደፊያ አለ። የእንስሳው ፊንጢጣ የሚገኘውም በአምስተኛው የጅራት አንጓ መጨረሻ መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ለመለየት ሥራ ከሚያገለግሉት ብልቶች ሁለቱ ልዩ ማብራሪያ ይሻሉ። አንደኛው በሆድ በኩል፣ ከእግሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ማበጠሪያ መሰል ብልት ነው። ይህ ብልት ከሌላ ከማንኛውም እንስሳ የማይገኝ የጊንጥ መለያ ነው። ጊንጡ በሚሄድበት ጊዜ መሬቱን እየዳሰሰ ሽታንና ንክኪን ይለይበታል። ሁለተኛው ትሪኮቦትሪያ የሚባሉት ስስ ጸጉሮች ናቸው። እነዚህ በክንዶቹ ላይ ብቻ፣ እያንዳንዳቸው በጽዋ መሰል ጎድጓዳ ውስጥ ተተክለው ይገኛሉ። እጅግ ደካማ የሆነ የአየር እንቅስቃሴ እንኳ ያወዛውዛቸዋል። ከተራ ጸጉር የሚለዩት በዚህ ጎድጓዳ መሠረታቸውና በቅጥነታቸው ነው።

ደቂቅ ጊንጦች የት ይገኛሉ?

በዚህ ረገድ በብዛት ከተጠኑት ቦታዎች አንዷ ማዳጋስካር ናት። በደሴቲቱ ከሚኖሩት ጊንጦች፣ በሰው ንግድና ጉዞ በብዙ አገሮች ከተሰራጨው ኢሶሜትሩስ ማኩላቱስ በስተቀር፣ ሁሉም በሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠሩት ተመራማሪ ዊልሰን ሎሬንሶ በ1995 ከዚህች ደሴት ማይክሮካርመስ የተባለ አዲስ ወገን አስታወቁ። የዚህ ወገን ዝርያዎች ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ በቅጠል ንጣፍ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

በአፍሪካ ዋና ምድርም ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው አሉ። በ1976 ላሞራል የተባሉት ተመራማሪ ከምሥራቅ ኮንጎ አኬንትሮቡተስ ለሉፒ የተባለውን የብስባሽ አፈር ጊንጥ አዲስ ወገንና አዲስ ዝርያ አድርገው ገልጸዋል። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ደግሞ በ1891 የተሰየመው አናንቴሪስ የተባለ ወገን ይገኛል። በዚህ ወገን ውስጥ ዛሬ ከ80 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ከፈረንሳይ ጉያና ደን ደግሞ ከዚህም የሚያንስ ማይክሮአናንቴሪስ የተባለ ወገን በ2003 ተገልጿል።

ይሁንና ትንሽ ጊንጥ ሁሉ የዝናብ ደን ነዋሪ ነው ማለት አይደለም። በ1898 የተሰየመው ማይክሮቡተስ የተባለው ወገን እጅግ ትናንሽ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል የኤርትራና የጅቡቲ ጠረፍ እንዲሁም የዓረብ ልሳነ ምድር ደረቅ አካባቢዎች ይጠቀሳሉ። እንግዲህ ትንሽነት በእርጥብ ደንም በደረቅ ጠረፍም፣ በተለያዩ ወገኖች ውስጥ በየበኩሉ የተከሰተ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሰባሰብ

ትላልቅ ጊንጦችን ለመፈለግ የተለመደው ዘዴ ሌሊት በአልትራቫዮሌት መብራት መሄድ ነው። የጊንጥ ቆዳ በዚህ ጨረር ሲመታ አረንጓዴያማ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል፤ ይህ ጠባይ በሳይንስ ጽሑፍ መገለጽ የጀመረው በ1954 ነበር። ነገር ግን ዘዴው ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ አዲስ የተወለዱና ቆዳቸውን ገና የለወጡ ጊንጦች ብርሃን አያወጡም፤ ቆዳው እየጠነከረ ሲሄድ ነው ጠባዩ የሚመጣው። ሁለተኛ፣ ከቅጠል ሥር የተሸሸገን እንስሳ ጨረሩ አያገኘውም። ስለዚህ የቅጠል ንጣፍ ነዋሪዎችን ለማግኘት ንጣፉን ራሱን መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ዋና መሣሪያ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌዜ በ1905 ያስተዋወቀውና ስዊድናዊው አልበርት ቱልግረን በ1918 በኤሌክትሪክ አምፖል ያሻሻለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ በሆነ ሾጣጣ ዕቃ ውስጥ ወንፊት ይቀመጣል። በወንፊቱ ላይ ከደን የመጣው ቅጠልና ብስባሽ ይዘረጋል። ከላይ አምፖል ይበራል፤ ከታች አልኮል የያዘ ጠርሙስ ይደረጋል። ንጣፉ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ እየደረቀና እየሞቀ ሲሄድ፣ እርጥበትና ጨለማ የለመዱት እንስሳት ሙቀቱን እየሸሹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ከጠርሙሱ ውስጥ ይወድቃሉ። የወንፊቱ ቀዳዳ ጊንጡን የሚያሳልፍ ስፋት ሊኖረው ይገባል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ደን ውስጥ ደግሞ ቅጠሉ በመጀመሪያ በወንፊት ይነፋል፤ ደቃቁ በመረብ ከረጢት ተደርጎ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይንጠለጠላል። እንስሳቱ እየወጡ ከታች በተቀመጠው አልኮል ውስጥ ይጠራቀማሉ። ይህ ዘዴ በተለይ በጉንዳን ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከደቂቅ ጊንጦች መካከልም ሌሎች የአፈር እንስሳትን ለመሰብሰብ በተደረገ ጥናት አብረው የተገኙ አሉ።

የተሰበሰበው ናሙና ለቅርጽ ጥናት ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ ኢታኖል ይቀመጣል። ዲ.ኤን.ኤ. ለማጥናት ከታሰበ ግን 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ይመረጣል። ከሁሉ በላይ አስፈላጊው ግን ጽሑፉ ነው። የተገኘበት ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የደኑ ዓይነትና የአሰባሰቡ ዘዴ በእርሳስ ወይም በአልኮል በማይለቅ ቀለም ተጽፎ ከናሙናው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ጽሑፍ የሌለው ናሙና ለሳይንስ የሚሰጠው ጥቅም በጣም አነስተኛ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ግልገል ነው ወይስ ጎልማሳ?

በማይክሮስኮፕ ሥር 9 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጊንጥ ተቀምጧል እንበል። ዝርያውን ከመጠየቃችን በፊት ዕድሜውን መጠየቅ አለብን። ጊንጦች ሕይወት ያላቸው ልጆች ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ቆዳቸውን እስኪለውጡ ድረስ በእናታቸው ጀርባ ላይ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ጎልማሳ እስኪሆኑ ድረስ ደጋግመው ቆዳቸውን ይለውጣሉ። ስለዚህ የአንድ ትልቅ ዝርያ ግልገል፣ የአንድ ደቂቅ ዝርያ ጎልማሳ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድን ግልገል እንደ አዲስ ደቂቅ ዝርያ አድርጎ መሰየም በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ለማረም ረዥም ጊዜ የሚወስድ ስሕተት ያስገባል።

ጎልማሳነትን የሚያረጋግጡት ከመጠን ይልቅ የመራቢያ አካላት ናቸው። በሆዱ ውስጥ ፅንስ የያዘች ጊንጥ ያለ ጥርጥር ጎልማሳ ናት። በወንዱ ውስጥ ደግሞ ዘር ተሸካሚውን ቅርፊት የሚሠሩት ሁለት ግማሽ አካላት ተሟልተው ከተገኙ ጎልማሳነቱ ይረጋገጣል። ከውጭ ሲታይ የመራቢያ ክዳኑ ቅርጽ፣ በመቆንጠጫውና በጅራቱ ላይ ያሉት የጉብታ መስመሮች ጉልህነት ይረዳሉ። ግልገሎች አብዛኛውን ጊዜ ቆዳቸው ለስላሳ፣ መስመሮቻቸውም ደብዛዛ ናቸው።

የሚያስተማምኑ ምልክቶች

ለምደባ የሚጠቅም ምልክት በዕድሜና በመጠን የማይለዋወጥ፣ በዝምድና መስመር የሚወረስ መሆን አለበት። ከዚህ አንጻር ትሪኮቦትሪያ ትልቅ ቦታ አላቸው። ፈረንሳዊው ማክስ ቫሾን በ1973 እና በ1974 ባሳተሟቸው ጥናቶች እነዚህ ጸጉሮች በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ በቋሚ ቦታና በቋሚ ቁጥር የሚገኙ መሆናቸውን አሳዩ። ለእያንዳንዳቸውም መለያ ፊደል ሰጧቸው። በዚህም መሠረት ጊንጦችን በሦስት የአቀማመጥ ዓይነቶች ከፈሉ፦

ዓይነት ኤ፦ በክንዱ ጭን 11፣ በቀጣዩ አንጓ 13፣ በመቆንጠጫው 15፤ በድምሩ 39።

ዓይነት ቢ፦ በጭኑ 9፣ በቀጣዩ አንጓ 14፣ በመቆንጠጫው 14፤ በድምሩ 37።

ዓይነት ሲ፦ በጭኑ 3፣ በቀጣዩ አንጓ 19፣ በመቆንጠጫው 26፤ በድምሩ 48።

ዓይነት ኤ ቡቲዴ የተባለውን፣ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉትን ትልቁን የጊንጥ አስተኔ ያጠቃልላል። ዓይነት ቢ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው የኬሪሉስ ወገን መለያ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ጊንጦች በዓይነት ሲ ይመደባሉ። በ1998 ከመካከለኛው እስያ ፕሴውዶካክታስ የተባለ ወገን ከተገለጸ በኋላ፣ የ35 ጸጉሮች አቀማመጡ ከሦስቱም ስለተለየ በ2001 አራተኛ ዓይነት ተጨምሯል። በእያንዳንዱ ዓይነት ውስጥም ከመሠረታዊው ቁጥር የሚጨምሩ ወይም የሚቀንሱ ዝርያዎች ስላሉ፣ ከቁጥሩ ጋር ቦታውን መመልከት የግድ ነው።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በደቂቅ ጊንጦች ላይ ጎልቶ ይታያል። የሜክሲኮውን ቲፍሎካክታስ ሚቼሊንና የማዳጋስካሩን ማይክሮካርመስ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ ሁለቱም ገርጣ ያሉ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ በቅጠል ንጣፍ የሚኖሩ ናቸው። ጸጉራቸው ሲመረመር ግን የመጀመሪያው ወደ ዓይነት ሲ፣ ሁለተኛው ወደ ዓይነት ኤ ይሄዳል። ማለትም በጊንጦች የዘር ሐረግ ላይ እጅግ በተራራቁ ቅርንጫፎች ላይ ይገኛሉ።

ከጸጉሮቹ ሌላ የሚከተሉት ምልክቶች በቅደም ተከተል ይመረመራሉ። የማበጠሪያው ጥርሶች ቁጥር ከውልደት እስከ ጎልማሳነት ስለማይለወጥ ለግልገልም ያገለግላል፤ ሆኖም በብዙ ዝርያዎች የወንዱ ከሴቷ ሊበልጥ ስለሚችል ጾታው መታወቅ አለበት። በእግሮቹ መካከል የሚገኘው የደረት ሰሌዳ ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው ወይስ አምስት ማዕዘን? በሦስተኛውና በአራተኛው እግር ላይ ሹል ዘንግ አለ ወይስ የለም? የአፍ መቁረጫዎቹ ጥርሶች እንዴት ተደርድረዋል? በመቆንጠጫው ጣት ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ስንት ረድፍ ናቸው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚገኙት መልሶች ተደምረው ወደ ወገኑ ያደርሳሉ። በአንድ ምልክት ብቻ ተመርኩዞ መወሰን ግን አይገባም።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

በቀላሉ የሚታዩት ምልክቶች ብዙውን ጊዜ የሚያሳስቱት ናቸው። ቀለም በአልኮል ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ቆዳውን በቅርቡ የለወጠ እንስሳም ከሌሎቹ የገረጣ ነው። መጠን ከላይ እንደተባለው በዕድሜ ይለዋወጣል። የዓይን መጥፋት ደግሞ በጨለማ ውስጥ በሚኖሩ በተለያዩ ወገኖች ላይ በየራሱ የተከሰተ ለውጥ ነው።

ቲፍሎካክታስ ሚቼሊ ዓይን የለውም። ነገር ግን የሚኖረው በቅጠል ንጣፍ ውስጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የቅርብ ዘመዶቹ የዋሻ ነዋሪዎች ናቸው። በ2010 በዚህ አስተኔ ላይ የታተመ የዝምድና ጥናት፣ የንጣፍ ነዋሪዎቹ ዝርያዎች ከዋሻ ነዋሪዎች የተገኙ ናቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። የዋሻ ኑሮ መመለሻ የሌለው የዝግመተ ለውጥ መንገድ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ይህ ውጤት ይቃወማል። ለእኛ ርዕስ ያለው ትምህርት ደግሞ፣ አንድ ዓይነ ስውር እንስሳ ዛሬ የሚኖርበትን ቦታ ብቻ አይቶ የዓይኑን መጥፋት ምክንያት መናገር አለመቻሉ ነው።

ጅራትም ሊያሳስት ይችላል። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአናንቴሪስ ጊንጦች በጠላት ሲያዙ እንደ እንሽላሊት የጅራታቸውን ኋለኛ ክፍል ቆርጠው ይሸሻሉ። የተቆረጠው ግን እንደ እንሽላሊቱ ጅራት ተመልሶ አይበቅልም። ፊንጢጣው ያለው በአምስተኛው አንጓ መጨረሻ ስለሆነ፣ እንስሳው ከመንደፊያው ጋር የዓይነ ምድር መውጫውንም ያጣል፤ ቁስሉ ሲጠግግ ቆሻሻው በቀረው አንጓ ውስጥ መጠራቀም ይጀምራል። እንዲህም ሆኖ እስከ ስምንት ወር ድረስ መኖር የቻሉ አሉ፤ ወንዶቹም ከሴቶች ጋር መራከብ ይችላሉ። እንግዲህ ሁለት ወይም ሦስት የጅራት አንጓ ብቻ ያለው፣ ጫፉም በደንብ የጠገገ ጊንጥ ያገኘ ተማሪ፣ አዲስ ፍጥረት አገኘሁ ብሎ ከመደምደሙ በፊት ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

የአንድ አስተኔ መነሣትና መውደቅ

እስከ አሁን ያየነው መርሕ በተግባር ምን እንደሚመስል የማይክሮካርመስ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ሎሬንሶ ወገኑን በ1995 ከገለጹ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በ1996 ማይክሮካርሚዴ የተባለ አዲስ አስተኔ መሠረቱለት። እነዚህ የማዳጋስካር ጊንጦች የዓይነት ኤ ጸጉር አቀማመጥ ስላላቸው ከቡቲዴ ጋር ቅርበት እንዳላቸው አልተካደም። ሆኖም በብዙ ዝርዝር የውጭ ቅርጾች ስለሚለዩ ራሳቸውን የቻሉ አስተኔ ሊሆኑ ይገባል የሚል ነበር አቋሙ።

በ2008 ቮልሼንክ፣ ማቶኒና ፕሬንዲኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የብዙ ጊንጦችን የሆድ ውስጥ አካላት አነጻጽረው ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። ጥያቄውን ከቆዳ ወደ ውስጥ አካል ወሰዱት ማለት ነው። ለምሳሌ የሴት ጊንጥ እንቁላልና ፅንስ የሚያድጉበት የቱቦዎች መረብ በቡቲዴ ስምንት ቀለበት ሲሠራ፣ በሌሎች አብዛኞቹ ጊንጦች ስድስት ቀለበት ይሠራል። እንዲህ ያለው አካል ከውጭ አካባቢ ጋር በቀጥታ ስለማይገናኝ፣ ለቅጠል ንጣፍ ኑሮ ሲባል የተለወጠ ነው ብሎ ለመጠርጠር የሚያበቃ ምክንያት አናሳ ነው። አጥኚዎቹ በውስጥ አካላት ንጽጽር ላይ ተመሥርተው፣ ማይክሮካርሚዴ ከቡቲዴ ተነጥሎ የሚቆም አስተኔ አለመሆኑን ገልጸው ስሙን ከቡቲዴ ጋር አዋሐዱት።

ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። ሎሬንሶ ከዚያ በኋላም አስተኔውን እንደ ራሱ የቆመ አድርገው መጻፋቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ተማሪው በአንድ መጽሐፍ ማይክሮካርመስን በማይክሮካርሚዴ፣ በሌላው በቡቲዴ ሥር ቢያገኘው ሊደናገር አይገባም። ዝርያዎቹ ስለ መኖራቸውና ስለ መለያየታቸው ብዙ ጥል የለም፤ ጥሉ ያለው ከዘመዶቻቸው የሚለያቸው ርቀት ለአስተኔነት ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ ነው። መልሱን የሚሰጠው ደግሞ የልዩነቶቹ ብዛት ሳይሆን ዓይነታቸው ነው። አካል በማነሱ ምክንያት የቀነሱ አሥር ምልክቶች፣ ሲመረመሩ የአንድ ለውጥ አሥር መልኮች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

የሞለኪውል ማስረጃ

በ2015 የብዙ ጂኖችን መረጃ በማሰባሰብ በጊንጦች ዝምድና ላይ የታተመ ጥናት፣ በቅርጽ ላይ የተመሠረቱ አንዳንድ የቆዩ ምደባዎች ከዘር መረጃው ጋር እንደማይስማሙ አሳይቷል። ዓይነት ቢ ያላቸው ኬሪሉሶችና አራተኛው ዓይነት ያላቸው ፕሴውዶካክታሶች ለቡቲዴ ቅርብ ሆነው መገኘታቸውም ከውጤቶቹ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ዲ.ኤን.ኤ. የማይክሮስኮፕን ሥራ አያስቀርም። የዝርያው ስም የታሰረው በሙዚየም ከተቀመጠው መሠረታዊ ናሙና ጋር ነው፤ ያ ናሙና ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘሩ በቀላሉ በማይነበብበት ሁኔታ የቆየ፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርጽን ማንበብ የሚችል ባለሙያ ዛሬም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

አንድ ሴንቲ ሜትር ለማይሞላ እንስሳ ይህን ያህል መድከም ምን ይረባል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከደኑ ጋር የተያያዘ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ማዳጋስካር ከ1953 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከተፈጥሮ ደንዋ 44 በመቶ አጥታለች። የቅጠል ንጣፍ ጊንጥ ክንፍ የለውም፤ እርጥበት ከሌለው ገላጣ መሬት ማለፍም ይቸግረዋል። ስለዚህ አንድ ዝርያ በአንድ ተራራ ወይም በአንድ ቁራጭ ደን ተወስኖ ሊኖር ይችላል፤ ያ ደን ሲመነጠር ዝርያው አብሮ ይጠፋል። ሦስት ዝርያዎችን አንድ ናቸው ብለን በስሕተት ከመዘገብን፣ ሁለቱ ሲጠፉ መጥፋታቸውን የሚያውቅ የለም። አንዱን ዝርያ በስሕተት ሦስት ካደረግነው ደግሞ፣ ለጥበቃ የሚውለው ውሱን ሀብት በሌሉ ዝርያዎች ላይ ይባክናል። የምደባ ጥንቃቄ ከጥበቃ ሥራ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ለእኛም የራቀ አይደለም። በካፋ፣ በሸካ፣ በያዩና በሐረና ያሉት እርጥብ ደኖች ከዛፎቻቸውና ከቡናቸው ባሻገር ሰፊ የቅጠል ንጣፍ አላቸው። ከላይ የተገለጸው የበርሌዜና የቱልግረን መሣሪያ ከቆርቆሮ፣ ከወንፊትና ከአንድ አምፖል ሊሠራ ስለሚችል፣ በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ወይም በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ለመሞከር አያስቸግርም። በተጠበቀ ደን ውስጥ ለመሰብሰብ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት፣ ጊንጥንም ትንሽ ነው ብሎ በእጅ ሳይነኩ በወረንጦ መያዝ ያስፈልጋል። ከጠርሙሱ ጊንጥ ባይገኝ እንኳ፣ የሚገኙት ምስጦች፣ ሐሰተኛ ጊንጦችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ለምደባ ልምምድ በቂ ናቸው። ሐሰተኛ ጊንጦች መቆንጠጫ ቢኖራቸውም ጅራትና መንደፊያ ስለሌላቸው ከእውነተኛው ጊንጥ በቀላሉ ይለያሉ።

ማጠቃለያ

ደቂቅ ጊንጦችን ለመለየት በመጀመሪያ ጎልማሳነት ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ የትሪኮቦትሪያ ቁጥርና ቦታ ይነበባል፤ ከዚያ ማበጠሪያው፣ የደረት ሰሌዳው፣ እግሩ፣ የአፍ መቁረጫውና የመቆንጠጫው ጣት ይመረመራሉ። መጠን፣ ቀለም፣ የዓይን መኖርና አለመኖር በመጨረሻ ይታያሉ፤ በእነሱ ብቻም አይፈረድም። ስለ አስተኔ ሲወሰን ደግሞ በአካል ማነስ ምክንያት የመጣው መመሳሰል ከዘር ከተወረሰው ተለይቶ መታየት አለበት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የማበጠሪያ ጥርስ ቁጥር ለግልገል ጊንጥም የሚያገለግለው ለምንድን ነው? ጾታን ማወቅስ ለምን ያስፈልጋል?

2. በክንዱ ጭን 3፣ በቀጣዩ አንጓ 19፣ በመቆንጠጫው 26 ትሪኮቦትሪያ ያሉት፣ ዓይን የሌለው የ9 ሚሊ ሜትር ጊንጥ ተገኘ። የማይክሮካርመስ ዘመድ ነው ሊባል ይችላልን? ምክንያትህን አስረዳ።

3. ሦስት የጅራት አንጓ ብቻ ያሉት የአናንቴሪስ ጊንጥ አዲስ ዝርያ መሆኑንና አለመሆኑን ለመወሰን ምን ምን ትመረምራለህ?

4. በምደባ ጉዳይ የውስጥ አካላት ማስረጃ ከውጭ ቅርጽ ይልቅ ሊታመን የሚችለው በምን ሁኔታ ነው? ከማይክሮካርሚዴ ታሪክ ምሳሌ ስጥ።

5. በአካባቢህ ካለ ደን ወይም የዛፍ ጥላ የቅጠል ንጣፍ በመሰብሰብ በሾጣጣ ዕቃና በአምፖል ሞክር። ያገኘኸውን በመደብና በክፍለመደብ ለይተህ መዝግብ።